ታናሻችንን ለአዳሪ ትምህርት ቤት ፈተና ስናዘጋጅ





ከዚህ ገጽ ተከታዮች መካከል ብዙዎቻችሁ ሳትቀጠሩ የቤታችሁ አስተማሪ ሆናችኋል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ወይም 12ኛን የጨረሰችው ታላቅ፣ እናትና አባት "አንተ ፊደል ቆጥረሃል፣ እስቲ አስጠናው" ብለው ታናሽን ያስረክቡታል። አሶሳ ከተማም ሆነ ዙሪያውን ባሉት መንደሮች የ8ኛ ክፍል ልጅ ያለበት ቤት ሰኔ ሲቃረብ ወሬው ሁሉ ፈተና ነው። ብዙዎቹ አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች የ8ኛ ክፍል ውጤት አይተው፣ በዚያ ላይ የራሳቸውን መግቢያ ፈተና ሰጥተው ነው የሚቀበሉት። ተፈታኙ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው።

የወላጆች ጉጉት ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሀል አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተሻለ ውጤት ሲያመጡ ታየ። ታዲያ የትኛው እናት ልጇ እዚያ እንዲገባ አትመኝም?

በእጃችሁ ያለው ልጅ ግን አማና ነው። እስቲ አማናውን እንዴት እንደምንይዘው እንነጋገር።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የዐሥር ዓመት ልጅ ገደማ ሳለ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ማገልገል ጀመረ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም አገለገላቸው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት የምሬት ቃል ከአፋቸው ሰምቶ እንደማያውቅ፣ በሠራውም በተወውም ሥራ እንዳልተወቀሰ ይናገራል። ልብ በሉ፣ ልጅ ነው። ልጅ ይረሳል፣ ይዘነጋል፣ ተልኮ መንገድ ላይ ጨዋታ ያያል። እኛ ግን አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ ላይ ዐሥር ደቂቃ መታገስ አቅቶን "አንተ ደደብ" እንላለን። ከዚያ በኋላ ልጁ ያልገባውን አይጠይቅም፤ የገባው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። እናንተም ያስጠናችሁ ይመስላችኋል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ስሙት። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የአንድ ኪሎ ማንጎ ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ 60 ብር ቢገባ፣ ቀድሞ ስንት ነበር? ብዙ ልጅ "48" ይላል። "ተሳስተሃል፣ 50 ነው" ብላችሁ ካለፋችሁ ምንም አላስተማራችሁትም። "48 እንዴት መጣ?" በሉት። "ከ60 ላይ 20 በመቶ ቀነስኩ" ይላችኋል። "እሺ፣ ዋጋው 48 ነበር እንበል፤ በእሱ ላይ 20 በመቶ ጨምርና አሳየኝ።" ሲያሰላ 57 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆንበታል። ያን ጊዜ ፊቱን እዩት። ሃያ በመቶው የአሮጌው ዋጋ እንጂ የአዲሱ እንዳልሆነ ራሱ ይደርስበታል፤ ራሱ የደረሰበትን ደግሞ ፈተና ላይ አይረሳውም።

አንዳንዴ ስትሰሙት ችግሩ 8ኛ ክፍል ላይ አለመሆኑን ታገኛላችሁ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትንንሽ ክፍል የነበሩ ልጆች ናቸው ዛሬ ፈተናው ፊት የደረሱት። በካማሺና በመተከል በነበረው ግጭት ከቀያቸው ተፈናቅለው ትምህርት የተቋረጠባቸውም አሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ማባዛትና ክፍልፋይ ላይ ቀዳዳ ሊኖርበት ይችላል። ወደ 4ኛ ክፍል መጽሐፍ መመለስ ነውር የለበትም። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ የ8ኛ ክፍል ጥያቄ መደርደር በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

ቋንቋም አለ። በእኛ አካባቢ አንድ ልጅ እቤት በርታኛ፣ ገበያ ላይ የሱዳን ዐረብኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ ይናገራል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ሒሳቡን አውቆ ጥያቄው ሳይገባው የሚወድቅ አለ። መጀመሪያ በሚቀናው ቋንቋ ያስረዳችሁ፣ ከዚያ በአማርኛ ይድገመው፣ ከዚያ ሁልጊዜ የሚመጡትን የእንግሊዝኛ ቃላት በደብተሩ ጀርባ ይጻፍ። ሦስት ቋንቋ የያዘ ልጅ ደካማ ተማሪ እንዳልሆነም ንገሩት፤ ማንም ነግሮት አያውቅ ይሆናል።

ኸልዋ ወይም መድረሳ የቀራችሁ ደግሞ ዘዴው በእጃችሁ ነው። ሎሕ የሚታጠበው ደረሳው የቀራውን በቃሉ ካሰማ በኋላ ነው፤ ያላሰማ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ያሳለፈውንም ሙራጀዓ ካላደረገ እንደሚጠፋው እናውቃለን። ለሳይንሱም ለሒሳቡም ይኸው ነው። የተሳሳታቸውን ጥያቄዎች ብቻ የያዘ አንድ ደብተር ይኑረው፤ ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን ሸፍናችሁ እንደገና አሠሩት፣ በሳምንቱ ድገሙት። ቁርኣን እንኳ በ23 ዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ነው የወረደው። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ማፍጠጥ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬ ይጠሉ ነበር፤ ለኡመታቸው በማለዳው በረካ እንዲሆን ዱዓ አድርገዋል። ልጁ በጊዜ ይተኛ፤ ከፈጅር እስከ ትምህርት ቤት ያለው ሰዓት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወንዱ መጽሐፍ ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ እሷም 8ኛ ክፍል ሆና ሳለ ውኃ የምትቀዳው፣ ቡና የምታፈላው፣ ዕቃ የምታጥበው እህቱ ናት። አንድ ሰሓባ ለአንድ ልጁ ለይቶ ስጦታ ሲሰጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር እንዲሆኑለት ጠይቆ ነበር፤ ለሌሎቹ ልጆቹም እንደዚያ እንዳልሰጠ ሲያውቁ ለመመስከር እንቢ አሉ። የጥናት ሰዓትም ስጦታ ነው። ጀሪካኑን ለአንድ ወር አንተ ያዝላት፤ ወንድሜ፣ ክንድህ አይሰበርም።

ፈተናው በቀረበ ቁጥር ደግሞ በቴሌግራም "ወጥቷል" የሚሉ ይበዛሉ። ገንዘብ ላኩ ይላሉ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቆ ሲሰረዝ፣ ያልሰረቀውም ልጅ አብሮ እንደገና ተቀምጧል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ከላይ ደረቅ የመሰለው ከውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ አታላይንም ከእኛ አይደለም ብለው ለዩት። በተገዛ ወረቀት የገባ ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ እርጥቡ ይወጣል። ከዚያ የከፋው የሰው ሐቅ ነው። ያ ወንበር ምናልባት ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ የመጣ፣ በኩራዝ ያጠና ልጅ ወንበር ነበር። የሰው ሐቅ የነካ ሰው ተውበቱ ሐቁን መመለስንም ይጠይቃል። ወንበር እንዴት ይመለሳል? ለማን? ስሙን እንኳ አታውቁትም። ለወንድማችሁ ያን ወረቀት ብታመጡለት፣ ፈተና ከማለፉ በፊት እናንተን አርአያ አድርጎ ስርቆትን ይማራል።

አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ደግሞ ከእናቱ ርቆ ማደር ነው። ለፈጅር የሚቀሰቅሰው የለም። ስለዚህ ከአሁኑ ራሱ ይነሣ፤ ልብሱን ይጠብ፤ ገንዘቡን ይቁጠር።

ቢወድቅስ? ይህን ከውጤቱ በኋላ ሳይሆን ከፈተናው በፊት ተነጋገሩበት። የዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጆቻቸውን ወደ ምስር ሲልኩ በአንድ በር ሳይሆን በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መከሯቸው፤ ወዲያው ግን ምክሩ ከአላህ ውሳኔ እንደማያድናቸው፣ መመኪያቸው እሱ ብቻ መሆኑን ነገሯቸው። ሁለቱንም በአንድ ላይ፣ ሳይሄዱ በፊት። እናንተም ንገሩት፦ "የቻልከውን ሥራ። ብትገባ አልሐምዱሊላህ። ባትገባ በሰፈራችን ትምህርት ቤት 9ኛን ትጀምራለህ፣ እኔም ማታ ማታ አብሬህ አለሁ።" ይህን የሰማ ልጅ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይጽፋል። አባታችሁም ሲናገሩት ይስሙ፤ "ባታልፍ ወዮልህ" የሚለው ቃል ከአብዛኛው ቤት የሚወጣው ከአባት ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙ ዑለማዎች ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት የጁሙዓ ሰዓት ከዐስር በኋላ እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ናት ይላሉ። ደብተሩን ለትንሽ ጊዜ ዝጉና ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ በስሙ ጠርታችሁ፣ እሱ እየሰማ፣ ዱዓ አድርጉለት።