«ይሄ ለእኔ የተሰጠኝ ነው»

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ሥልጣን አማና ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለን ሰው የበኑ ሱለይምን ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ንብረቱን ከፍሎ፣ ይህኛው የእናንተ ነው፣ ያኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩም ሚንበር ላይ ወጡ። ይህ ሰው እናት አባቱ ቤት ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን? ሲሉ ጠየቁ። ያለ አግባብ የወሰደ ሰው ግመልም ይሁን ላም ወይም በግ፣ የወሰደው እየጮኸ በቂያማ ቀን አንገቱ ላይ ተሸክሞት እንደሚመጣም አስጠነቀቁ። (ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል)

ልብ በሉ! ሰውየው የሕዝቡን ድርሻ አስረክቧል፤ የተቀበለውንም አልደበቀም። ጥፋቱ ለወንበሩ የመጣውን የራሱ ማድረጉ ነው።

ይህ ነገር እኛም አገር ስሙን እየቀያየረ ኖሯል። ድሮ «እጅ መንሻ»፣ «መማለጃ» ይባል ነበር፤ ዛሬ «የሻይ» እንለዋለን። ጎጃምን እናስታውስ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የደጋ ዳሞት ገበሬ አመጸ። ርስቴን አጣለሁ የሚል ስጋት ነበረው። ከዚያም ሌላ የሹማምንቱ ጉቦና በየሰበቡ የሚጠየቀው መዋጮ አንገሽግሾት ነበር። ጦር ዘመተበት፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ያስተዳድሩ የነበሩት ጠቅላይ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም ቀረ። ገዢ ተቀየረ፤ መንግሥትም ከዚያ ወዲህ ስንቴ ተቀየረ። «የሻይ» ግን ዛሬም አለ። ለምን?

ምክንያቱ አንዱ እኛው ነን። ጉቦ የሚቀበለውን እናማለን፤ የእኛ ሰው ቀበሌ ወይም ወረዳ ላይ ሲሾም ግን «አሁን ጉዳያችን ያልቅልናል» ብለን እንደሰታለን። ከማለዳ ጀምራ ወረፋ የያዘችውን እናት አልፈን በጓሮ በር ስንገባ የማንን ሐቅ ወሰድን? አላህ (ሱ.ወ) በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም አዞናል (አን-ኒሳእ 135)። የሰዎችን ገንዘብ ለመብላት ለዳኞች ማቀበልንም ከልክሎናል (አል-በቀራ 188)። ነቢዩም ጉቦ ሰጪውንና ተቀባዩን ሁለቱንም ረግመዋል።

ወንድሜ፣ እህቴ! መሥሪያ ቤት ከተቀጠራችሁ አንድ ነገር ሲቀርብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ «እናቴ ቤት ብቀመጥ ይሄ ይመጣልኝ ነበር?» ባለ ጉዳይ ከሆናችሁ ደግሞ ተራችሁን ጠብቁ፤ ደረሰኝ ጠይቁ። ሐቃችሁን ከልክለው ካስጨነቋችሁ በራሳችሁ ፈትዋ አትስጡ፤ ዓሊም ጠይቁ፣ አቤት በሉ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ከሐራም ጠብቆ በሐላሉ ያብቃቃን። አሚን!

መልካም ጁሙዓ! በነቢዩ ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።