ሳንሸጠው የሚቀንስ ድርሻ

ባለፈው የሙዓመላት ደርሳችን አክሲዮን መግዛትን አንስተን ነበር። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ አክሲዮን የገዛ ሰው የገዛው በኩባንያው ንብረት ውስጥ ያልተከፋፈለ የጋራ ድርሻ ነው። ሸሪክ ሆኗል ማለት ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን የያዝነውን አክሲዮን ብዛት እንጂ ከስንት ውስጥ እንደሆነ አንጠይቅም።

አዘና ላይ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት ከወለድ ነፃ በሆነ ባንክ ውስጥ ባለ 1,000 ብር 100 አክሲዮን አላቸው እንበል። የባንኩ ካፒታል 2 ቢሊዮን ብር ቢሆን አክሲዮኖቹ 2 ሚሊዮን ናቸው፤ የእሳቸው ድርሻ ከ20,000 አንድ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ስላደረገው ባንኩ 3 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን ይሸጣል። አባታችን ካልገዙ ድርሻቸው ከ50,000 አንድ ይሆናል። የሚከፋፈለው ትርፍ 400 ሚሊዮን ብር ቢሆን 20,000 ያገኙ የነበሩት 8,000 ይደርሳቸዋል። አዲሱ ገንዘብ ሠርቶ ትርፉን እስኪያሳድግ ድረስ እንዲሁ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ተጠራቅሞ የቆየው ትርፍ ነው። ባንኩ 1 ቢሊዮን ብር መጠባበቂያ ካለው የአንዱ አክሲዮን የመዝገብ ዋጋ 1,500 ብር ነበር። አዲሶቹ በ1,000 ብር ብቻ ከተሸጡ ወደ 1,200 ይወርዳል። ከአባታችን 30,000 ብር ማንም ኪሳቸው ሳይገባ ለአዲስ ገቢዎች ተላለፈ ማለት ነው። አዲስ አክሲዮን በፕሪሚየም ሲሸጥ «ተወደደ» ብለን የምናማርረው ይህን ሳናስተውል ነው፤ ፕሪሚየሙ የነባሩን ሐቅ ይጠብቃል።

የንግድ ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ነባር ባለአክሲዮን አዲሱን በድርሻው ልክ ቀድሞ እንዲገዛ መብት ይሰጣል። ለአባታችን ይህ 150 አክሲዮን፣ 150,000 ብር ነው። ገንዘቡ ከሌለ ወይም ቀኑ ካለፈ መብቱ ያልፋል። ጥሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወጣው አዘና በማይደርስ ጋዜጣ ላይ ነው።

በአሜሪካ ከ5 ዶላር በታች የሚሸጡት ርካሽ አክሲዮኖች ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ለመሥራቾች ተሰጥተው ለጊዜው እንዳይሸጡ የታገዱ አክሲዮኖች እገዳው ሲነሳ ገበያውን ያጥለቀልቁታል። እዚህ ላይ ድርሻ አይቀንስም፤ የሚወርደው ዋጋው ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ስለጀመረ ልዩነቱን ከአሁኑ መለየት ይጠቅመናል።

ለእረፍት ቤት ስትገቡ የቤተሰባችሁን የአክሲዮን ሰርተፍኬት አውጥታችሁ እዩ። ባንኩ ዘንድ የተመዘገበው ስልክ የቀድሞው ከሆነ አስቀይሩት፤ የመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ካፒታል ምን እንደወሰነም ቅርንጫፉን ጠይቁ።