ሰርጉ ተመለሰ፣ ቡፌው ተመለሰ፤ ኮሮናስ ሄዷል ወይ?

 

ጥር ገብቷል። ጥር ማለት ደግሞ እኛ አገር ሰርግ ማለት ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ከቆቦ ከተማና ከዙሪያው ቀበሌዎች አራት የሰርግ ጥሪ ደርሶኛል። በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄም ተቀይሯል። በ2012 ሚያዝያ ላይ «ዶክተር፣ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ኮሮና ይሆን?» ነበር። አሁን «ሰርግ ብሄድ ችግር አለው?»፣ «ቡፌ ያስይዛል ወይ?»፣ «አያቴን ይዤ ልሂድ ወይስ ትቅር?» ሆኗል።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ይገባኛል። 2013 ለራያ ቆላ ከባድ ዓመት ነበር። ኮሮናው ሳያንስ አንበጣው በማሽላውና በጤፉ ላይ ወረደ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሰው ተሰብስቦ መብላት፣ መጨፈር፣ መሳቅ ናፍቆታል። ይህም ጤና ነው። ስለዚህ ዛሬ «አትሂዱ» ብዬ በሩን አልዘጋም፤ «እንደፈለጋችሁ» ብዬም አልለቃችሁም። እንዴት እንደምንሄድ እንማማር።

1. ሕጉ ላላ፤ ቫይረሱስ?

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 30 ደግሞ ለ5 ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መሰብሰብ ተከለከለ፣ ሰርግ ተራዘመ፣ ካፌ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ከ3 ሰው በላይ መቀመጥ ቀረ። አዋጁ ሊገባደድ ሲል ነገሮች መከፈት ጀመሩ። አዲስ አበባ ላይ ጳጉሜ 5 ቀን 2012 የወዳጅነት ፓርክ፣ መስከረም 30 ቀን 2013 ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቁ። በ2013 የምንመራው በመመሪያ ቁጥር 30/2013 ነበር፦ ማስክ ማድረግ፣ አለመጨባበጥ፣ ርቀት መጠበቅ።

ብዙ ሰው ግን መከፈቱን «በሽታው አለቀ» ብሎ ተረጎመው። አላለቀም። በአገራችን እስከ ጥር 2013 ተመርምረው ከተገኙት ብቻ ቁጥሩ ከ130 ሺህ፣ የሞቱት ከ2 ሺህ አልፈው ነበር። ክትባቱም ያኔ እኛ ጋ ገና አልደረሰም ነበር።

እስቲ ሌላው ዓለም እንዴት እንደከፈተ እንይ። የቻይናው የሻንጋይ ዲዝኒላንድ መዝናኛ ጥር 16 ቀን 2012 ተዘግቶ ግንቦት 3 ተከፈተ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ያለው ዲዝኒ ወርልድ ደግሞ ሐምሌ 4 ቀን 2012 ተከፈተ። ሲከፍቱ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አልመለሱም። የሰው ቁጥር ቀነሱ። ሰልፍ ትርኢቱንና ርችቱን አቆዩ። ምግብ ቤቶቹ ሲመለሱ ሰው ራሱ እያነሳ የሚበላው ቡፌ ቀርቶ ምግቡ እንግዳው ወደተቀመጠበት እንዲመጣ አደረጉ። አንድ ተጨማሪ ሕግም አወጡ፦ እየበሉ መሄድ አይቻልም፤ የሚበላና የሚጠጣ ሰው ከሌላው ርቆ አንድ ቦታ ይቁም። የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ በጥር 2013 ገና ዝግ ነበር፤ ከጥር 5 ጀምሮ የመኪና ማቆሚያው ክትባት መስጫ ሆኖ ነበር።

ልብ በሉ፤ የተጠነቀቁት ምግብና ጭፈራ ላይ ነው። ለምን?

2. ችግሩ ወጡ ሳይሆን ትንፋሹ ነው

እስካሁን ኮሮና በበሰለ ምግብ በኩል ስለመተላለፉ ማስረጃ የለም። በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ስንናገር፣ ስንስቅ፣ ስናስል፣ ስንዘፍን ከአፋችን ጠብታዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹ ቶሎ ይወድቃሉ። ጥቃቅኖቹ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደ ዕጣን ጭስ ተንሳፈው ይቆያሉ። ስንበላ ማስክ እናወልቃለን። ሙዚቃው ሲጮህ እኛም እንጮሃለን። ሁለቱ ሲገናኙ ነው አደጋው።

ሁለት እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በቻይና ጓንዡ ከተማ ነው። ጥር 15 ቀን 2012 ሦስት ቤተሰቦች መስኮት በሌለው የምግብ ቤት ፎቅ ላይ ጎን ለጎን በሦስት ጠረጴዛ ምሳ በሉ። የአንዱ ቤተሰብ አባል ሳታውቀው ቫይረሱን ይዛ ነበር። በኋላ ከሦስቱ ቤተሰቦች 10 ሰው ተያዘ። አየር ማቀዝቀዣው አንዱን አየር በሦስቱ ጠረጴዛ መካከል ያመላልሰው ነበር። ምግብ ያቀረቡት አስተናጋጆችና ሌላ አቅጣጫ የተቀመጡት ተመጋቢዎች ግን አልተያዙም። አያችሁ? ምግቡ ቢሆን ኖሮ አስተላላፊው፣ ከዚያው ማድ ቤት የበሉት ሁሉ በታመሙ ነበር።

ሁለተኛው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስካጂት በሚባል አካባቢ የሆነ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2012 አንድ የመዘምራን ቡድን ለልምምድ ተሰበሰበ። 61 ሰው ነበር። አንዱ ጉንፋን የመሰለ ሕመም ነበረበት። ለሁለት ሰዓት ተኩል አብረው ዘመሩ። 53 ሰው ታመመ፣ 2 ሞቱ።

አሁን የራያን ጭፈራ አስቡት። ከበሮው ሲመታ፣ ዱላው ሲነሳ፣ ዘለላው ሲጀመር፣ ሁሉም ሲቀበል። የእኛ ጭፈራ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ትንፋሽም ይሰጣል።

3. ዳሱን እንክፈተው

ደስ የሚለው ነገር የቆቦ አየር ያግዘናል። አገራችን ቆላ ነው። እንደ ደጋው ብርድ ፈርተን በር የምንዘጋበት ምክንያት የለም። ዳስ ከተዘጋ አዳራሽ በእጅጉ ይሻላል፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ክፍት ከሆነ።

ችግሩ አሁን አሁን ዳሳችን በአራቱም በኩል በሸራ ይዘጋል። አንዳንዱም መጋረጃ ይጨምርበታል። ያኔ ዳስ መሆኑ ቀርቶ አዳራሽ ይሆናል። ለጥላ ጣሪያው ይበቃል። ቢያንስ ሁለቱን ተቃራኒ ጎን ክፈቱት፣ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ጭፈራውን ደግሞ ከዳሱ አውጥታችሁ ሜዳ ላይ አድርጉት፤ ለዱላውም ለዘለላውም ይመቻል።

በተዘጋ ክፍል ተጠጋግቶ ጫት መቃምና የአንዱን ሺሻ ሌላው መቀበል ግን ከሁሉም የከፋ ነው። እሱን በምንም ላስተካክልላችሁ አልችልም፤ ይቅርባችሁ።

4. ቡፌ፣ ማዕድና ጉርሻ

«ቡፌ ያስይዛል ወይ?» ላላችሁኝ፦ አደጋው ሰልፉ ነው። ሃምሳ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ እያወራ ይሰለፋል፣ ሁሉም ያንኑ ጭልፋ ይይዛል። መፍትሔው አያቶቻችን የሚያውቁት ነው፦ እንግዳ ይቀመጣል፣ እንጀራውም ወጡም ወደ እሱ ይመጣል። ዲዝኒ ብዙ ተጨንቆ የደረሰበት ነገር እኛ ዳስ ውስጥ ድሮም ነበረ! የሚያስተናግዱት ጥቂት ሰዎች ይሁኑ፤ ማስክ ያድርጉ፤ እጃቸውን በየጊዜው ይታጠቡ። ቡፌ የግድ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ ያውጣላችሁ፤ በየጠረጴዛው እየተጠራችሁ ተነሱ።

ማዕድ መቁረስ ባህላችን ነው። ከአንድ ቤት የመጡ አብረው አንድ ትሪ ይቅረቡ፤ ቤታቸውም አብረው ነው የሚበሉት። ከሌላ ቤት የመጣ ሰው ግን ሳህኑ ለብቻ ይሁን። ጉርሻ ለዘንድሮ ለሙሽሮቹ ይተውላቸው። የጠላ ጣሳ ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። በመግቢያው ላይ ውኃና ሳሙና ይኑር፤ አንድ ወጣት ቆሞ ያስታጥብ። ሳሙና ካለ ሳኒታይዘር የለም ብላችሁ አትጨነቁ።

5. አክብረን እንዳንጎዳቸው

አሁን የምነግራችሁ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝን ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ትቻለሁ።

ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ስኳር ያለባቸው አባት ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የት እንደነበሩ ስጠይቃቸው «የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ ነበርሁ፣ ልጄ» አሉኝ። የት እንደተቀመጡም ጠየቅኋቸው። «እንዴ! የክብር ቦታ ነዋ!»

የክብር ቦታ ማለት የዳሱ ጥልቁ ነው። ነፋስ የማይደርስበት፣ ሸራው የተጋረደበት። የመጣው እንግዳ ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ተጠግቶ፣ ስሞ የሚያልፈው እሳቸው ጋ ነው። ከሁሉም ቀድመው ገብተው ከሁሉም መጨረሻ የወጡትም እሳቸው ናቸው። ማንም ክፉ አላሰበም። ያጋለጣቸው አክብሮታችን ነው።

ኦክስጅን ላይ ብዙ ቀን ቆይተው ዳኑ። ሰርጉ ላይ ያልነበሩት፣ ቤት ሆነው የጠበቋቸው ባለቤታቸው ግን አልተረፉም።

ስለዚህ «አያቴን ይዤ ልሂድ?» ላላችሁኝ፦ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቢቀሩ ይመረጣል። ሙሽሮቹ በማግስቱ ቤታቸው ድረስ ሄደው ከደጅ ይመረቁ። «አልቀርም» ካሉ ደግሞ የክብር ቦታውን እናዛውረው፦

- ነፋስ የሚያገኘው የዳሱ ዳር ላይ ይቀመጡ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ብቻ።
- ቀድመው ይስተናገዱ፣ መርቀው ቀድመው ይሂዱ። አንድ ሰዓት ይበቃል።
- ሰላምታው እጅን ደረት ላይ አድርጎ፣ ከሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ጎንበስ ማለት ይሁን። ይህ ንቀት አይደለም።
- ከምግቡ በፊትና በኋላ ማስካቸውን ያድርጉ። ያዩዋቸው ሰዎችም እንዲሁ።

6. ሌላው የተረሳው፦ የምግብ መመረዝ

ድግስ ሲመለስ አብሮ የሚመለስ በሽታ አለ፤ ተቅማጥና ትውከት። የበሰለ ምግብ ከምድጃ ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እኛ ቆላ ላይ ደግሞ ያልፋል፣ 1 ሰዓት በቂ ነው። ሌሊት የተሠራ ወጥ ካለ ከማቅረባችሁ በፊት እስኪፈላ አሙቁት። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል፤ እርጉዝ እናቶች ደግሞ ጨርሶ አይብሉት። ተቅማጥ የያዘው ሰው ኦ.አር.ኤስ. በንጹሕ 1 ሊትር ውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ደም ከታየ ወይም ሕፃኑ መጥባት ካቆመ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

7. ከሰርጉ በኋላ

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ ብዙ ጊዜ በ5 ቀን አካባቢ ይታያል፤ እስከ 14 ቀን ሊቆይም ይችላል። ሰው ምልክት ከማሳየቱ 2 ቀን በፊት ጀምሮ ያስተላልፋል። «ደህና ነኝ» ማለት «አላስተላልፍም» ማለት ያልሆነው ለዚህ ነው። ከሰርግ ስትመለሱ ለሁለት ሳምንት ከአያቶቻችሁ ጋር ስትሆኑ ማስክ አድርጉ፤ በአንድ ክፍል አትተኙ።

ትኩሳት፣ ሳል፣ ሽታና ጣዕም ማጣት ካለ ራሳችሁን ለዩና 8335 ላይ ደውሉ። እነዚህ ሲመጡ ግን ቤት ቁጭ አትበሉ፦ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር፣ ግራ መጋባት። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ቆቦ፣ ከዚያም ወልድያ ወይም ደሴ እስኪደረስ ሰዓት ይበላል። ነገ ይሻለው ይሆናል ብላችሁ አታሳድሩ።

በመጨረሻም የአጎቴ ነገር። የልጁን ሰርግ ሊደግስ ነውና ይህን ሁሉ ስነግረው «አንተ ዶክተር፣ ሰርጉን ሐኪም ቤት ልታደርገው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ በሦስት ነገር ተስማማን፦ ዳሱ በሁለት ጎን ይከፈታል፣ ጭፈራው ሜዳ ላይ ነው፣ አያቴ ደግሞ ዳር ላይ፣ ነፋሱ ባለበት፣ ቀድማ ትመርቃለች። እሷ ራሷ «ከጥልቁ ይልቅ እዚያ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ» ብላ ወዳዋለች።

እናንተም ሰርግ ካላችሁ ሦስቱንም ባይሆን አንዱን ጀምሩ። ጽሑፉን ለደጋሾችና ለሚዜዎች ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ።

መልካም ሰርግ፣ መልካም ጤና!