ለድግስ የሚሆን ሳምቡሳ በባሌ ደጋ

ሮቤ ወይም ጎባ ላይ እንግዳ ጠርታችሁ ሳምቡሳ ልታቀርቡ ካሰባችሁ፣ ከዱቄቱ በፊት የሚታሰበው የእንግዶቹ ነገር ነው። በባሌ ከተሞች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ነው፤ ሠርጉም ልቅሶውም የጋራ ነው። ሥጋ ላይ ግን ሁሉም በየራሱ ሥርዓት የታረደውን ነው የሚበላው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ጾመኛ አለ። ስለዚህ ዋናው በምስር ይሠራ፣ ሥጋው ለሚበላው ያህል ብቻ ይሁን እላለሁ። የምስር ሳምቡሳ ማጣት ያመጣው የሚመስለው ሰው ደህና አድርጎ የተሠራውን ስላልቀመሰ ነው።

ለ48 ሳምቡሳ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር፣ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ስድስት ሰባት ቃሪያ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ይበቃል።

ምስሩን ማታ ዘፍዝፉት። ሮቤ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ጎባ ከእሷም ትበልጣለች፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። በጣት ሲጫኑት የሚላላ፣ ነገር ግን ያልፈረሰ ሲሆን አውጡት፤ አጥልሉና ትሪ ላይ አስጡት። እርጥበት ከቀረው ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ በጥቂት ዘይት ውሃው እስኪመጥ አቁላሉት፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ምስሩን ጨምሩ፣ ካወረዳችሁት በኋላ ቃሪያውን ጥሬውን ደባልቁ። ሥጋ ከሆነም ጮማ የሌለው የተፈጨ ይሁን፤ የራሱን ውሃ እስኪጨርስ ይጠበስ። ጮማ በባሌ ብርድ ወዲያው ይረጋል።

ወደ ሊጡ እንምጣ። ከወፍጮ ቤት የመጣው የአገሩ ስንዴ ለቂጣ ግሩም ነው፤ ለዚህ ግን ፉርሽካው ስሱን ሊጥ ይቀደዋል። ፉርኖው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና፣ ግማሽ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ እሹት። እርሾ አይገባም። ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ይበል፤ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ይረፍ።

24 ቦታ አድቦልቡሉት። ሁለቱን ጠፍጠፍ አድርጋችሁ አንዱን ዘይት ቀቡ፣ ዱቄት ነስንሱበት፣ ሌላውን ደርቡና አብራችሁ በመዳመጫ የሳህን ስፋት እስኪኖራቸው ዳምጡ። ሞቅ ያለ ምጣድ ላይ ግራና ቀኙን ጥቂት ሰከንድ አስነኩት፤ ነጣ ይበል እንጂ አይቅላ። ትኩሱን ስትለያዩት ብቻውን ተዳምጦ የማይገኝ ስስ ቂጣ ይወጣል። መሐል ለመሐል ቁረጡና ወዲያው በጨርቅ ሸፍኑት፤ የደጋው ንፋስ በደቂቃ ያደርቀዋል።

ግማሹን ቂጣ እንደ ጥቅልል ወረቀት አሹላችሁ አጥፉት፣ ጠርዙን በዱቄትና በውሃ ሙጫ አጣብቁት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉበት፣ አፉንም በዚያው ሙጫ ዝጉት። ሹሉን ጫፍ ደጋግማችሁ እዩት፤ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ከቀረች ዘይቱ በእሷ ይገባል።

ዘይቱ ፈሳሹ ይሁን። የሚረጋው የፓልም ዘይት ሳምቡሳው ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ነጭ ሽፋን ይጥላል፣ ምላስ ላይም ይጣበቃል። ቁራሽ ሊጥ ጣሉበት፦ ሰጥማ አረፋ እያወጣች ቀስ ብላ ብትነሣ ደርሷል፤ ወዲያው ከጠቆረች እሳቱን ቀንሱ። በደጋ መጠነኛ እሳትና ትዕግሥት ይሻላል። አምስት ስድስቱን ብቻ ጨምሩ፤ ሲወጡ ማጥለያ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፣ ዘይቱ ይወርዳል።

ጠዋት ጠቅልላችሁ እንግዳው ሲቀመጥ ጥበሱ። ወደ ሌላ ቤት የምትወስዱትም ከሆነ ሳይጠበስ ውሰዱትና እዚያው ይጠበስ። ምስሩ ሁልጊዜ ይቅደም፤ ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ወደ ምስሩ አይመለስም። ሳህኖቹንም ለዩና የትኛው የምስር፣ የትኛው የሥጋ እንደሆነ፣ ሥጋውም የማን እርድ እንደሆነ እንግዳው ሳይጠይቅ ቀድማችሁ ንገሩት።