ለማስታወቂያ ያዋጡት ገንዘብ የት ይገባል? ፍራንቻይዝ ለመግዛት ለሚያስቡ

የማስታወቂያ ፈንድ ምንድን ነው?

በአሜሪካ በታወቀ ስም ምግብ ቤት ወይም የመኪና ጥገና ሱቅ የሚከፍት ሰው በየጊዜው የሚከፍላቸው ሁለት ክፍያዎች አሉ። አንዱ በስሙ ስለሠራ የሚከፍለው ሮያሊቲ ሲሆን ሌላው ለጋራ የማስታወቂያ ፈንድ የሚያዋጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚሰሉት ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። በዓመት 500,000 ዶላር የሸጠ ሱቅ መዋጮው 2 በመቶ ከሆነ 10,000 ዶላር ይከፍላል። ዓመቱ በኪሳራ ቢያልቅም ክፍያው አይቀርለትም።

ዕቁብ ላይ ዳኛውንና ጸሐፊውን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው፤ ሒሳቡም በፊታቸው ይነበባል። እዚህ ግን ገንዘቡን የሚሰበስበውም የሚያወጣውም በአብዛኛው የስሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ራሱ ነው።

ሕጉ ምን እንዲነገርዎ ያዛል?

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውና በ2007 ያሻሻለው ደንብ፣ ሻጩ 23 ክፍሎች ያሉት የመረጃ ሰነድ እንዲሰጥዎ ያስገድዳል። ሰነዱ ውል ከመፈረምዎ ወይም ገንዘብ ከመክፈልዎ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ እጅዎ መግባት አለበት። ስለ ፈንዱ የሚናገረው ክፍል 11 ነው። እዚያ የሚከተሉትን ይፈልጉ፦

- ፈንዱን ማን ያስተዳድረዋል? ኦዲት ይደረጋል?
- የኩባንያው የራሱ ሱቆች እንደ እርስዎ እኩል ያዋጣሉ?
- ባለፈው የበጀት ዓመት ስንት በመቶው ለማስታወቂያ ዝግጅት፣ ስንቱ ለሥርጭት፣ ስንቱ ለአስተዳደር ወጣ?
- አዲስ ፍራንቻይዝ ገዢ ለመሳብ የዋለው ስንት በመቶ ነው?
- ኩባንያው እርስዎ ባሉበት አካባቢ የማስተዋወቅ ግዴታ አለበት?

ደንቡ ኩባንያው እነዚህን እንዲገልጽ እንጂ ፈንዱን በትክክል እንዲያስተዳድር አያዝም። ኩባንያው በሰነዱ ላይ «ኦዲት አይደረግም» ብሎ በግልጽ ከጻፈ የማሳወቅ ግዴታውን ተወጥቷል። ኮሚሽኑም የተጻፈውን እውነትነት አረጋግጦ አያጸድቅም።

የማይነኪ ክርክር ምን ያስተምራል?

ማይነኪ በተባለው የመኪና ጥገና ኩባንያ ስም የሚሠሩ ባለሱቆች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኩባንያውን ከሰሱ። ከሽያጫቸው 10 በመቶ ገደማ ለማስታወቂያ ያዋጡ ነበር። ክሳቸው ኩባንያው ከዚህ ገንዘብ ለራሱ የማስታወቂያ ድርጅት ኮሚሽን ይከፍላል የሚል ነበር። በመጀመሪያ 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተፈረደላቸው። የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ፍርዱን ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ የፈረሟቸው ውሎች የተለያዩ ስለነበሩ በአንድነት መክሰሳቸው ትክክል አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጉዳዩ በመሠረቱ የውል ጉዳይ እንጂ የአደራ ጉዳይ አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ መዋጮዎን እንደ አደራ ገንዘብ አይቁጠሩት። መብትዎ የሚለካው በፈረሙት ወረቀት ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ምን ያድርጉ?

የፈንዱን ያለፉት ሦስት ዓመታት የሒሳብ መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቁ። በየዓመቱ የማየት መብትዎ በውሉ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ። መዋጮው ሊጨመር ይችል እንደሆነና ጣሪያ እንዳለው ይመልከቱ። የፈንዱን ሥራ የሚሠራው የኩባንያው እህት ድርጅት ከሆነ ክፍያው እንዴት እንደሚወሰን ይጠይቁ።

ከዚያ የመረጃ ሰነዱን ክፍል 20 ይክፈቱ። የነባር ባለሱቆችና ሥራውን የተዉ ሰዎች አድራሻ እዚያ አለ። ለሁለቱም ወገን ደውለው «ያዋጣችሁት ገንዘብ ደንበኛ አምጥቶላችኋል? ሒሳቡን አይታችሁታል?» ብለው ይጠይቁ።

ሻጩ በቃል «ግድ የለም፣ ሁሉንም እናሳይዎታለን» ካለዎት ቃሉን በውሉ ላይ ያስጽፉት። ለመጻፍ እምቢ ካለ አይፈርሙ። እነዚያን 14 ቀናት ለመጠየቂያ ይጠቀሙባቸው፤ ውሉንም የፍራንቻይዝ ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ ያሳዩ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ለዓመታት ከሚያዋጡት ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።