ጀርባቸውንም እዪላቸው

ልጄ፣ አባትሽ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባታቸውን ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንዋር መስጊድ በር ላይ ሰማሁ። አላህ አፊያቸውን ይመልስላቸው። ሳንባቸውን ሐኪሞቹ ያዩታል፤ በዚያው ዓይነት ክፍል በነርስነት የኖርኩት እኔ ግን የምነግርሽ ስለ ጀርባቸው ነው።

1. የአልጋ ቁስል ወራት ተኝቶ የከረመን ሰው ብቻ የሚይዝ አይምሰልሽ። ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው ቆረቆረኝ ብሎ ጎኑን አይቀይርም። የወረደ ደም ግፊትን ለመደገፍ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨመቀ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ይጎዳል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከአጥንቱ አጠገብ ስለሚጀምር፣ ላይ ላዩ ሲታይ ውስጡ ሰፍቶ ይገኛል።

2. ነርሷን «የብሬደን ነጥባቸው ስንት ነው?» በያት። ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መለኪያ ነው። ከ6 እስከ 23 ይቆጥራል፤ 18 እና ከዚያ በታች ያገኘ ለቁስል የተጋለጠ ነው። በቁጣ አትጠይቂ፣ በአንድ ፈረቃ ምን ያህል እንደምትሮጥ አውቃለሁ። ግን ጠይቂ።

3. ዋናው መድኃኒት ማገላበጥ ነው፤ የተለመደው በየ2 ሰዓቱ ነው። ቱቦ እስካለ ድረስ አንቺ አትንኪያቸው፣ የነርሶቹ ሥራ ነው። ቤት ሲመለሱ ግን ሥራው የእናንተ ነው። በአዛን ብቻ አትመሪ፦ ከዙህር እስከ ዐስር ሦስት ሰዓት ያህል አለ፤ ከኢሻ እስከ ሱብሂማ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው በዚህ ሌሊት ነውና ከወንድሞችሽ ጋር ተካፈሉት። ሙሉ በሙሉ በጎናቸው ካስተኛሻቸው የዳሌ አጥንታቸው ይጫናል፤ ከጀርባቸው ትራስ ደግፈሽ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል አድርጊያቸው። መጎተት ቆዳ ይልጣል። ሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አንሷቸው።

4. ቆዳችን ጠይም ስለሆነ «ይቀላል» የሚባለውን አትጠብቂ። ወገባቸው ሥር፣ ዳሌያቸውና ተረከዛቸው ላይ ጠቆር ወይም ወይንጠጅ ያለ ቦታ በብርሃን ፈልጊ፤ በእጅሽም ዳብሺ። ከአካባቢው ይልቅ የሚሞቅ፣ የጠጠረ ወይም የላመ ከሆነ ተጀምሯል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ በጥቁር አዝሙድ ዘይት የሚያሹ ዘመዶች ይመጣሉ። በአክብሮት ከልክያቸው፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ያባብሰዋል።

5. ለተረከዝ ውኃ የሞላ ጓንት ወይም መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ አትግዢ። ተራ ትራስ ከባታቸው ሥር አድርጊ፤ ተረከዙ ምንም ሳይነካ ይንጠልጠል። የአፍንጫ ቱቦና የኦክስጅን ማሰሪያም ቆዳ ያቆስላሉና ከጆሯቸው ጀርባ እዪ።

6. እርጥበት አታቆዪባቸው። ቆዳቸው እንዲበረታም ሐኪሙ ሲፈቅድ እንቁላል፣ ወተት፣ የምስር ሾርባ ስጪያቸው።

7. አልጋው ራስጌ ወረቀት ለጥፋችሁ ሰዓቱንና ጎኑን ጻፉ፦ ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ። ተረኛው በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብብ። ቤት የሚገቡበትን ቀን ላኪልኝ፤ መጥቼ የመጀመሪያውን ሌሊት አብረን እናገላብጣቸዋለን።