ያላዩትን መጠበቅ
(ስለ ሴሬስና ስለ ፕሉቶ የቀረበ ጥናት)

መግቢያ

በዛሬው ጽሑፋችን ከጉለሌ ቀና ብለን በዓይን ብቻ ወደማይታዩ ሁለት ሩቅ ዓለማት አብረን እንጓዛለን። ስማቸው ሴሬስና ፕሉቶ ይባላል። የሰው ልጅ መሣሪያውን ልኮ ሁለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያያቸው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በ2007 ዓ.ም. ነበር።

ስለታየው ነገር ብቻ ለመናገር ግን አልተነሣንም። ከመታየቱ በፊት ያለፈው የመጠበቅ ዘመን በምን ሥራ እንዳለፈ አብረን ልንመረምር እንወዳለን። እኛ ወጣቶች ብዙ ጊዜያችን የሚያልፈው በመጠበቅ ነውና። የፈተና ውጤት እንጠብቃለን፤ ሥራ እንጠብቃለን፤ ርቆ ከሄደ ዘመድ ወሬ እንጠብቃለን። መጠበቅ ራሱ ሥራ መሆኑን ግን ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን።

ሀ. ሁለቱ ዓለማት እንዴት ተገኙ?

ሴሬስን በመጀመሪያ ያገኛት ጁዜፔ ፒያዚ የተባለ ኢጣሊያዊ ካህን ነው። ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1801 ነበር። በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ሆኖ የከዋክብትን ዝርዝር ሲያዘጋጅ፣ ከሌሎቹ ተለይታ ቦታዋን የምትቀያይር አንዲት ነጥብ አየ። ጥቂት ሳምንታት ከተከታተላት በኋላ ታመመ፤ ነጥቧም ከፀሐይ ብርሃን ጋር ተቀላቅላ ጠፋች። የት እንደምትወጣ በሒሳብ የተነበየው ካርል ጋውስ የተባለ የ24 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ሊቃውንቱ እርሱ ባመለከተው አቅጣጫ ፈልገው መልሰው አገኟት።

ፕሉቶን ያገኛት ክላይድ ቶምባውም በዚያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። የገበሬ ልጅ ሲሆን፣ ገና ኮሌጅ ሳይገባ የሩቅ ማሳያ መነጽሩን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። በአሜሪካ አገር በአሪዞና በሚገኘው የሎዌል የከዋክብት መመልከቻ ተቀጥሮ፣ በተለያዩ ሌሊቶች የተነሡ ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን እያስተያየ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ደከመ። የካቲት 11 ቀን 1922 ዓ.ም. የተንቀሳቀሰችውን ነጥብ አገኘ። ይህም ንግሥት ዘውዲቱ ከማረፋቸው አንድ ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ፕሉቶ የሚለውን ስም ያቀረበችው ደግሞ ቬኒሺያ በርኒ የተባለች የ11 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ ነበረች።

ሁለቱም ዛሬ «ድንክ ፕላኔት» ይባላሉ። ይህን ስያሜ የወሰነው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ሲሆን፣ ውሳኔውም ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ተላለፈ። ድንክ ፕላኔት ማለት ፀሐይን የሚዞር፣ በራሱ ስበት የተድበለበለ፣ ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያሉትን ሌሎች አካላት ጠርጎ መንገዱን ብቻውን ያልያዘ ማለት ነው። ድንክ ቢባሉም እንደምናስበው ትንንሽ አይደሉም። የሴሬስ ገጽ ስፋት የኢትዮጵያን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህላል፤ የፕሉቶ ደግሞ 16 እጥፍ ያህል ነው። ሴሬስ በማርስና በጁፒተር መካከል ትዞራለች። ፕሉቶ ግን እጅግ ሩቅ ስለሆነች ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 248 የእኛ ዓመታት ይፈጅባታል። በባሕረ ሐሳብ 532 ዓመት የሚሞላውን ዐቢይ ቀመር ለተማርን ልጆች፣ ሰማይ በረጅም ልክ እንደሚቆጠር መስማት እንግዳ አይሆንብንም። ፕሉቶ ከተገኘችበት ጊዜ ጀምሮ ገና አንድ ዙሯን እንኳ አልጨረሰችም።

ለ. ሁለቱ መንኮራኩሮች

ወደ ፕሉቶ የተላከችው መንኮራኩር ኒው ሆራይዘንስ ትባላለች፤ «አዳዲስ አድማሶች» ማለት ነው። ከአሜሪካ የተወነጨፈችው ጥር 11 ቀን 1998 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህም የጥምቀት በዓል ቀን፣ ታቦታቱን ወደ መንበራቸው ሸኝተን የተመለስንበት ምሽት ነበር። ወደ ሴሬስ የሄደችው ዶውን ማለትም «ንጋት» ደግሞ መስከረም 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተነሣች። በመስቀል አደባባይ የዚያ የሚሌኒየም ዓመት ደመራ ሊለኮስ ጥቂት ሰዓታት ቀርተውት ነበር። ዕለቱን የመረጡት ሰዎች የእኛን በዓል አስበው አይደለም፤ እኛ ግን ቀኑን እንዳንረሳው ይረዳናል።

ዶውን የምትገፋው ዜኖን በሚባል ጋዝ በሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። የሞተሩ ግፊት በመዳፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ወረቀት ከሚጫነን አይበልጥም። ሆኖም ለዓመታት ሳያቋርጥ በመግፋቱ ፍጥነቷን አዳበረላት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን በጠፈርም ይሠራል ማለት ነው። በመንገዷ ቬስታ የተባለችውን ዓለም ከአንድ ዓመት በላይ ከዞረች በኋላ፣ የካቲት 27 ቀን 2007 ዓ.ም. ሴሬስ ደርሳ መዞር ጀመረች።

ኒው ሆራይዘንስ ግን ዘጠኝ ዓመት ተኩል ተጓዘች። ከጉዞዋ አብዛኛውን ያሳለፈችው መሣሪያዎቿ ተዘግተው፣ እንደ መተኛት ብላ ነው። ፕሉቶ አጠገብ ስትደርስ የነበራት የኤሌክትሪክ ኃይል ሁለት ባለ 100 ሻማ አምፑል ከማብራት አይበልጥም ነበር።

ሐ. ከመጠበቁ ዘመን የምናገኘው ትምህርት

አንደኛ፤ ሰዓቱ ሳይደርስ መዘጋጀት። ኒው ሆራይዘንስ በሰዓት ወደ 50,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ስለምትሄድ ፕሉቶ ዘንድ መቆም አትችልም። ለማቆም የሚያስፈልገው ነዳጅ ከራሷ ክብደት ስለሚበልጥ አልተጫነላትም። እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ተኩል የተጠበቀው ነገር በጥቂት ቀናት፣ ከዚያም ውስጥ ዋናው በጥቂት ሰዓታት የሚያልፍ ነበር። ያመለጠ ፎቶግራፍ ተመልሶ አይነሣም። ከመሬት ሆኖ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» እያሉ መምራትም አይቻልም፤ የሬዲዮ መልእክት ለመሄድ ብቻ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታልና። ስለዚህ ትእዛዙ ሁሉ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ተፈትኖ፣ በበረራ ላይ ሳለችም ልምምድ ተደርጎበት ነበር።

ሰኔ 27 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሊደርሱ አሥር ቀን ሲቀራቸው፣ መንኮራኩሯ በድንገት ዝም አለች። ኮምፒዩተሯ ሁለት ከባድ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለበዛበት ሥራውን ለመጠባበቂያው አስረክቦ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ዝምታ በኋላ ድምፅዋ ቢሰማም፣ የተዘጋጀው ትእዛዝ እንደገና መጫን ነበረበት። አንድ ጥያቄ ልኮ መልሱን ለማግኘት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ያስፈልጋል። የበረራውን ሥራ የምትመራው አሊስ ቦውማንና ጓደኞቿ ለሦስት ቀናት ሌት ተቀን ሠርተው፣ ሰኔ 30 ቀን ሁሉን ወደ ቦታው መለሱት። ብልሽት ቢመጣ ምን እናደርጋለን ብለው አስቀድመው ባይመክሩ ኖሮ ሦስት ቀን አይበቃቸውም ነበር። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፤ ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ ማየት፣ ኋላ መናገር። መንኮራኩሯ ፕሉቶን የቀረበቻት ሐምሌ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. በሥላሴ ክብረ በዓል ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ላይ ነው። በመካከላቸው የቀረው ርቀት 12,500 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ለመሬት ምንም አልተናገረችም። አንቴናዋ ከአካሏ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ ካሜራዋን ወደ ፕሉቶ ለማዞር ጀርባዋን ለእኛ መስጠት ነበረባት። ሁሉንም አይታ ከጨረሰች በኋላ «ደኅና ነኝ» የሚለው መልእክቷ የደረሰው በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ ነው። ያየችውን ሁሉ ልካ ለመጨረስ ደግሞ እስከ ጥቅምት 2009 ዓ.ም. ድረስ 15 ወራት ፈጀባት። ገና ሳናይ የምናወራ፣ ሳንሰማ የምንመልስ ከሆንን ይህ ትዕግሥት ለእኛም ምክር ነው።

ሦስተኛ፤ ግምታችን እንዲታረም መፍቀድ። ከጉብኝቱ በፊት የፕሉቶ ምርጥ ሥዕል የሚባለው የደበዘዙ ጥቂት ነጠብጣቦች ነበሩ። ይህን ያህል ቀዝቃዛና ትንሽ ዓለም ከረጅም ዘመን በፊት የሞተና በጉድጓድ የተሞላ ይሆናል ብለው የገመቱ ብዙዎች ነበሩ። የተገኘው ግን ሌላ ነው። ከውኃ በረዶ የተሠሩ ታላላቅ ተራሮች፣ በልብ ቅርጽ የተዘረጋ ነጭ ምድር፣ በውስጡም አንድ ጉድጓድ እንኳ ያልታየበት የናይትሮጅን በረዶ ሜዳ ታየ። ጉድጓድ አለመኖሩ ሜዳው አሁንም እየተለዋወጠ ራሱን እንደሚያድስ ያስረዳል። የልቡን ቅርጽ የያዘው ምድርም በቶምባው ስም ተጠራ።

በሴሬስ ላይም ከሩቅ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታይ ነበር። በረዶ ነው፣ እሳተ ገሞራ ነው እየተባለ ብዙ ተገመተ። ዶውን ቀርባ ስትመረምር ነጩ ነገር በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት ሆኖ ተገኘ። ይህም በስምጥ ሸለቆአችን ከአቢያታ ሐይቅ ይመረት የነበረው የሶዳ አሽ ዓይነት ጨው ነው። ከሴሬስ ሆድ የወጣ ጨዋማ ውኃ ደርቆ የተወው ነው። የገመቱት ሊቃውንት በዚህ አላፈሩም፤ ግምታቸውን አስቀድመው በግልጽ ጽፈው ስለነበር የተሳሳቱበትን ቦታ ለይተው ተማሩበት።

መ. ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

«ይህ ሁሉ የሌላ አገር ሥራ ነው፤ ለጉለሌ ልጅ ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የሚያወጣውን የእንጦጦን ዳገት እንመልከት። በዚያው በ2007 ዓ.ም. ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በእንጦጦ አናት ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የአገራችንን የከዋክብት ምርምር ጀምረው ነበር። ይህም በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ለዓመታት የደከመበት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሳተላይት ከቻይና ስትወነጨፍ መልእክት መቀበያዋ በዚሁ ተራራ ላይ ነበር። በዚያው ወር ለኢትዮጵያ የደረሳት ሩቅ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውም ፕላኔት «አቦል» ተብለው በዓለም አቀፉ ማኅበር ጸደቁ።

ዕድሜንም ምክንያት አናድርግ። በኒው ሆራይዘንስ ላይ የጠፈር አቧራ የሚቆጥረውን መሣሪያ የሠሩት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ስሙም በዚያች በ11 ዓመቷ ልጅ በቬኒሺያ በርኒ ተሰየመ።

መደምደሚያ

ኤሪስ፣ ሐውሜያና ማኪማኪ የተባሉት ሌሎቹ ድንክ ፕላኔቶች እስከ ዛሬ ምንም መንኮራኩር አልጎበኛቸውም። ወደ እነርሱ የምትሄደው መንኮራኩር ተሠርታ፣ ተልካ፣ እስክትደርስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። የሚያዩአቸው ሰዎች ዛሬ ክፍልፋይና ማባዛት የሚማሩት ታናናሾቻችን ይሆናሉ። ስለዚህ የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ «ኋላ» ብለን አንመልሳቸው። እኛም የምንጠብቀው ውጤት፣ የምንጠብቀው ሥራ መቼ እንደሚመጣ መወሰን አንችል ይሆናል። ሲመጣ ግን ምን ይዘን እንደሚያገኘን መወሰን በእጃችን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኒው ሆራይዘንስ ፕሉቶ ዘንድ መቆም ያልቻለችው ለምንድን ነው? በሕይወታችንስ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልፍ ምን ዓይነት ዕድል አለ?
2. ጋውስና ቶምባው በ24 ዓመታቸው የሠሩት ሥራ በምን ይመሳሰላል?
3. እያንዳንዳችን በዚህ ዓመት የምንጠብቀውን አንድ ነገር እንጻፍ። ከጎኑም እስኪመጣ ድረስ በየሳምንቱ የምንሠራውን እንጻፍ።